የተሸጠው ሰዓትና የቀረው፦ በትርፍ ጊዜ ማሽን ለሚነዳ ወንድም የኢጃራ ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኢጃራ ነው። ኢጃራ አንድ ሰው የንብረቱን ወይም የጉልበቱንና የሙያውን ጥቅም በታወቀ ዋጋ ለሌላ ሰው የሚሰጥበት ውል ነው። ቤት ማከራየት ኢጃራ ነው፤ ግመል ማከራየትም፣ ራስን ለሥራ ማከራየትም እንዲሁ። ይህን ምዕራፍ ስንቀራ የምናገኛቸው ሰዎች ልብስ ሰፊው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ግመል ነጂውና ጡት አጥቢዋ ናቸው። ዛሬ ግን ሌላ ሰው እናስብ። ሀርጌሳ ውስጥ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ወረዳ ይኖራል፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መጋዘን ተቀጥሮ ይሠራል፤ አመሻሽ ላይና በጁምዓ ቀን ደግሞ ሎደር ወይም ኤክስካቫተር ይነዳል። እንዲህ ያለ ወንድም አንድ ብቻ ስላልሆነ ስም አልሰጠሁትም።

ሀርጌሳ ማሽን የማያርፍባት ከተማ ናት። በ1988 እ.ኤ.አ. በአየርና በመድፍ ድብደባ አብዛኛው ክፍሏ ፈርሶ ነበር፤ ከ1991 ወዲህ ነዋሪዎቿ ከፍርስራሹ አንስተው እንደገና ሠሯት። በ2016 የበርበራን ወደብ የማስፋፋት ስምምነት ሲፈረም፣ ቀጥሎም ከበርበራ ወደ ወጃሌ ድንበር የሚወስደው መንገድ መሠራት ሲጀምር የማሽን ሥራ በረከተ። የዋሂን ገበያ ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት በእሳት ከወደመ በኋላም ሌላ የግንባታ ሥራ መጣ። ከማሮዲ ጄህ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ይዛቃል፤ የቤት መሠረት ይቆፈራል፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርከድ ይቆፈራል። ማሽን ደግሞ ውድ ነው፤ ባለቤቱ በሰዓት እያከራየ ከቦታ ቦታ ያዞረዋል፤ አንዱ ጋ ሦስት ሰዓት፣ ሌላው ጋ ግማሽ ቀን። በወር ደመወዝ ከሚኖረው ኦፕሬተር ጎን በትርፍ ሰዓቱ ስልክ እየተደወለለት የሚመጣው የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ወንድማችን የሚጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፦ ይህ ገንዘብ ሐላል ነው ወይ? ሥራው በመሠረቱ ሐላል ነው፤ የከበረም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለ ነግረውናል፤ ንጉሥ የነበሩትን ነቢዩ ዳዉድን (ዐ.ሰ.) ምሳሌ አድርገው። ራሳቸውም በወጣትነታቸው ለመካ ሰዎች በቂራጥ በግ ጠብቀዋል፤ ሁለቱንም ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ ሰው ፊት አቧራ ለብሰህ ብትቆም አትፈር። ነገር ግን የገንዘቡ ሐላልነት የሚለካው በሥራው ዓይነት ብቻ አይደለም። አንድ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፦ የሸጥከው ምንድን ነው? ሰዓትህን ነው ወይስ ሥራውን? ቀጥሎ የምንማረው ሁሉ፣ የነዳጁም፣ የስብራቱም፣ የእንቅልፉም ጉዳይ፣ ከዚህ ጥያቄ ይመነጫል።

ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናቁም።

አንደኛው ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ናቸው። ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ውሃው ዳር ሁለት ሴቶች መንጋቸውን ይዘው ከሰው ተለይተው ቆመው አገኙና አጠጡላቸው። ከሁለቱ አንዷ አባቷ እንዲቀጥራቸው ስትመክር ሁለት ነገር ጠቀሰች፤ ብርታትንና ታማኝነትን። ይህ በሱረቱል ቀሶስ 26ኛው አንቀጽ ላይ ነው። አባቷም ልጁን ሊድርላቸው ተስማማና አገልግሎቱን በዓመት ለካው፤ ግዴታው ስምንት ዓመት፣ ሙሳ በፈቃዳቸው ቢሞሉት ዐሥር። ስንት በግ ተጠበቀ፣ ስንት ጊዜ ውሃ ወረደ የሚል ቁጥር የለም። የተለካው ጊዜው ነው።

ሁለተኛው አሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ናቸው። ቲርሚዚ እንደዘገቡት በአንድ ብርዳማ ቀን፣ ረሃብ በጸናባቸው ጊዜ፣ መዲና ውስጥ የአንድ አይሁዳዊ ሰው አትክልት ስፍራ ደረሱ። ሰውየው ውሃ እየቀዳ ነበር። ለእያንዳንዱ ባልዲ አንድ ፍሬ ቴምር ሊከፍላቸው ተስማሙ። አሊይ ቀዱ፤ እፍኛቸው በቴምር ሲሞላ በቃኝ ብለው ባልዲውን አስቀመጡ፤ በሉ፤ ውሃ ጠጡና ወደ መስጂድ ሄዱ። እዚህ ደግሞ ሰዓት አልተቆጠረም፤ የተቆጠረው ባልዲ ነው። ለኤክስካቫተር ነጂ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው፤ የእሱም ሥራ በባልዲ ነውና። አሊይ የሠሩት የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚያስፈልጋቸውን አግኝተው አቆሙ። አሠሪያቸው የሌላ እምነት ሰው መሆኑም ውሉን አላሳነሰውም።

የፊቅህ ሊቃውንት ኢጃራን በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ያስኬዱታል፤ በጊዜ ወይም በሥራ። በሶማሌ ምድር የሚቀራው ሻፊዒይ መዝሀብ ነው፤ ሐረርም እንዲሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀርጌሳ ላይ የዲን ማኅበረሰብ የመሠረቱት ሸይኽ መዳር ራሳቸው ዕውቀት የቀሰሙት ሐረር ሄደው ነበር። በዚህ መዝሀብ ከሚታመኑት ኪታቦች ውስጥ በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ ያዘጋጁት ሚንሃጅ አንዱ ነው። እዚያ ላይ እንደተቀመጠው ጊዜና ሥራ አንድ ላይ ከታሰሩ፣ ለምሳሌ ይህን ልብስ ዛሬ በቀን ብርሃን ሰፍተህ ጨርስ ተብሎ ውል ከታሰረ፣ ይበልጥ ትክክል በሆነው አስተያየት ውሉ አይጸናም። ሥራው ከቀኑ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ስለሚችል ሠራተኛው የተገዛው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ከሐነፊዮች አቡ ሐኒፋም ይህን አይቀበሉም፤ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ይፈቅዳሉ። ከወሎ የሐነፊይን ፊቅህ ይዞ የሄደ ወንድም ይህን ልዩነት ይወቅ።

ይህን ወደ ሜዳው እናውርደው። አመሻሽ ላይ ባለ መሬቱ ደውሎ፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ይህን መሠረት ቆፍረህ ጨርስና ይህን ያህል እሰጥሃለሁ ይላል። በአራት ሰዓት ባይጨርስስ? አንደኛው ወገን ሥራውን ነው የገዛሁት ሲል ሌላው ሰዓቴን ነው የሸጥኩት ይላል። ጠቡ የሚወለደው ሎደሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። ወንድሜ፣ በስልኩ ላይ አንድ ቃል ጨምር፦ ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በጉድጓዱ? ይህች ጥያቄ ለጥንቃቄ ብቻ የተባለች አይደለችም፤ የውሉ ምሰሶ ናት።

በሥራው ከሆነ ሥራው መታወቅ አለበት። ጉድጓድ ለማስቆፈር ቦታው፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ መነገር አለባቸው፤ ሠራተኛው መሬቱ ድንጋይ ይሁን ለስላሳ እንዲያውቅም ማየት አለበት። ነወዊ ረውደቱ ጧሊቢን በተባለው ኪታባቸው ከዚህ በኋላ የሚያነሱትን ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር እገረማለሁ፤ በዶማ ዘመን የተጻፈ ቢሆንም በርከድ የሚቆፍር ሰው ዛሬ የሚያጋጥመው ነውና። ቆፋሪው ከታች ጠንካራ ድንጋይ ቢያገኝ ምን ይሆናል? ዶማ የሚሠራበት ከሆነ ይበልጥ ትክክል በሆነው አስተያየት መቆፈሩን ይቀጥላል። ዶማ የማይበግረው ከሆነ፣ ወይም ውሃ ፈልቆ መቆፈር ካልተቻለ፣ ውሉ በቀረው ሥራ ላይ ይፈርሳል፤ በተሠራው ላይ ግን አይፈርስም። ሠራተኛው የሠራውን ያህል ይከፈለዋል።

የሠራው ያህል እንዴት ይለካ? ዐሥር ክንድ ቆፍር ተብሎ አምስት ክንድ ላይ ቢቆም ግማሹ ክፍያ ይገባዋል ለማለት እንቸኩላለን። ሊቃውንቱ ግን በክንድ ቁጥር አይከፈልም አሉ። የላይኛው አፈር ለማውጣት ይቀላል፤ እየጠለቀ ሲሄድ ይከብዳል። ስለዚህ የላይኛው አምስት ክንድ ሥራና የታችኛው አምስት ክንድ ሥራ በገበያ ስንት እንደሚያወጡ ይገመትና ክፍያው በዚያ ይከፋፈላል። ይህ ፍርድ ለማንም አያደላም። ለቆፋሪው ከድካሙ በላይ አይሰጥም፤ ለባለ ጉድጓዱም ድካሙን በነፃ አያስረክብም። ሌላም አሉ፦ የቆፈረውን አፈር ማውጣት የቆፋሪው ግዴታ ነው፤ ከጎን ተደርምሶ የወደቀውን ግን እንዲያወጣ አይገደድም፤ ያን አልተዋዋለምና። ባለ ኤክስካቫተሩ በዶማ ፈንታ ባልዲና ጥርሱን ያስብ። ጥርሱ የሚሠራበት ድንጋይ የውሉ ነው፤ የድንጋይ መስበሪያ ካልተገጠመ የማይሆነው ግን አዲስ ንግግር ይፈልጋል። ከመጀመሪያው በግልጽ ቢባል ደግሞ ይበልጣል።

ናፍጣው የማን ነው? ይህንንም ሊቃውንት ያውቁታል፤ በቀለም፣ በክርና በኩል መልክ። ጸሐፊ ሲቀጠር ቀለሙ በማን ነው? ልብስ ሰፊ ሲቀጠር ክሩስ? ነወዊ በሚንሃጅ መጀመሪያ በሠራተኛው ላይ ግዴታ አይደለም የሚለውን አስቀመጡ፤ ቀጥለው ግን በ623 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ራፊዒ በትልቁ ማብራሪያቸው ያጸኑትን ጨመሩ፦ ወደ አካባቢው ልማድ ይመለሳል፤ ልማዱ የተዘበራረቀ ከሆነ መናገር ግዴታ ነው፤ ሳይነገር ከቀረ ውሉ ይበላሻል። አሁን የከተማውን ገበያ ተመልከቱ። አንዱ ማሽኑን ከነናፍጣውና ከነኦፕሬተሩ ያከራያል፤ ሌላው ማሽኑን ብቻ ይሰጥና ናፍጣውን ተከራዩ ይሞላል። ልማዱ ሁለት ዓይነት ከሆነ ዝም ማለት አይቻልም። ናፍጣው የማን ነው፣ ማሽኑን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያጓጉዘው የጭነት መኪና ክፍያ የማን ነው፣ የደላላው ድርሻ ከየት ይወጣል፤ ሦስቱም ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ይነገሩ።

በሰዓት የተሸጠ ሥራ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሲኖትራኩ ዘግይቶ፣ አፈሩን የሚጭን መኪና ጠፍቶ፣ ኦፕሬተሩ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ ክፍያው አለው ወይ? አለው። ራሱን ለተወሰነ ጊዜ ለታወቀ ሥራ ያከራየ ሰው ራሱን አቅርቦ አሠሪው ሳይጠቀምበት ጊዜው ካለፈ፣ ይበልጥ ትክክል በሆነው አስተያየት ክፍያው ይጸናለታል። አሠሪው የገዛው ያንን ሰዓት ነው። በሌላ በኩል ራሱን አሳልፎ የሸጠ ሰው ሌላ ሰው በቦታው መላክ አይችልም። ይህንን የምለው አንድ የተለመደ ነገር ስላለ ነው። በሁለት ቦታ የተጠራው ኦፕሬተር አንዱ ጋ ራሱ ይሄድና ሌላው ጋ ረዳቱን ይልካል፤ ክፍያው ግን በእሱ ስም ነው። ባለ ሥራው የተዋዋለው ከእሱ እጅ ጋር ከሆነ ረዳቱን መላክ ውሉን መጣስ ነው። ሥራው በግዴታው ላይ ብቻ የታሰረ ከሆነ፣ ማለትም ማንም ይሥራው ሥራው ይሠራ ተብሎ ከሆነ፣ ብቁ ሰው መላክ ይችላል።

የማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ ሚዛን ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን በመጀመሪያዎቹ አንቀጾቿ ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ታስጠነቅቃለች። ሞተሩን ያለ ሥራ አስነስቶ ሰዓቱ እንዲሮጥ ማድረግ ከዚያው ወገን ነው። ከታንከሩ አምስት ሊትር ናፍጣ በጀሪካን ማውጣትም ስሙ ሌላ አይደለም፤ ኺያና (ክህደት) ነው። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሥራ ላይ የተሾመና ደመወዝ የተቆረጠለት ሰው ከዚያ በላይ የሚወስደውን ከምርኮ እንደ መስረቅ ቆጥረውታል። ክፍያዬ አንሷል የሚል ምክንያት ይህን አይቀይረውም፤ ያነሰ ክፍያ በንግግር ይስተካከላል እንጂ በጀሪካን አይስተካከልም።

ጉዳት ሲደርስ የሚነሳው ጥያቄ ሁለት መልክ አለው፤ ሰዎች ግን አንድ አድርገው ያዩታል። ማሽኑ በእጁ ላይ ቢሰበርበት አንድ ነገር ነው፤ በማሽኑ የሌላውን ሰው ንብረት ቢሰብር ሌላ ነው። በሻፊዒዮች ዘንድ በጎላው አስተያየት የሠራተኛ እጅ የአማና (የአደራ) እጅ ነው። ሎደሩ በተገቢው አያያዝ እያለ ቱቦው ቢፈነዳ ወይም ሞተሩ ቢያልቅ አይክስም። ወሰን ካለፈ ግን፣ ሙቀቱ ሲወጣ እያየ ካልቆመ፣ የማይችለውን ካነሳበት፣ ዘይት ሳያይ ካስነሳው፣ ይክሳል እንጂ አማናው አይጠብቀውም። ለብዙ ሰው የሚሠራውን ሠራተኛ፣ እንደ ልብስ አጣቢ ያለውን፣ ከሐነፊዮች አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ሊጠብቀው ይችል በነበረው ጉዳት ያስክሱታል። የጎረቤት ግድግዳ ወይም ከገድ ዴብሌ ጉድጓዶች ለከተማዋ ውሃ የሚያደርስ ቧንቧ ሲመታ ግን ጉዳዩ ከአማና ወጥቶ ንብረት የማጥፋት ጉዳይ ይሆናል። ያጠፋ ሰው በስህተትም ቢሆን ይክሳል። ስህተቱ ኃጢአቱን ያቀልለታል እንጂ የባለ ንብረቱን ሐቅ አያስቀርም። ስለዚህ ቧንቧና ገመድ የት እንደተቀበረ ባለ ቦታውን ሳይጠይቁ ባልዲ ማውረድ የሌላውን ሰው ገንዘብ በግምት መቆፈር ነው።

ሥራውን ሳይማር የተቀመጠበትስ? አቡ ዳዉድና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ሐኪምነት ሳይታወቅበት ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሊቃውንት ይህን በየሙያው አስገብተውታል። ረዳት ሆኖ ሁለት ወር ከጎን ተቀምጦ ያየ፣ ከዚያ ኦፕሬተሩ በቀረበት ማታ መሪውን የያዘ ወጣት በዚህ ሐዲስ ፊት ይቁም። መንጃ ፈቃድና የሙያ ማረጋገጫ የመንግሥት ወረቀት ብቻ አይደሉም፤ በሥራ ላይ ከጎንህ የሚቆመውን ሰው ነፍስ የሚጠብቁ ናቸው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልብ ደረስን። ይህ ወንድም ቀኑን ለመጋዘኑ ሸጧል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሌላ ሊሠራ አይችልም፤ ስልኩን ይዞ የማታውን ሥራ መዋዋል እንኳ የዚያን ሰዓት መሸራረፍ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ነፃ ነው፤ በቀረው ሰዓት ሊሠራ ይችላል። የመጋዘኑ ባለቤት ሌላ ቦታ አትሠራም ብሎ በውሉ ላይ ካስገባና እሱም ከተስማማ ግን፣ ሙስሊሞች በተስማሙበት ቅድመ ሁኔታ ይታሰራሉና ያን ያክብር። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ያልተሸጠው ሰዓት በእርግጥ የእሱ ነው ወይ?

እንቁጠር። ስምንት ሰዓት መጋዘን፤ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሎደር ላይ አምስት ሰዓት፤ መንገድ፣ ምግብ፣ ሶላት፣ ከአገር ቤት ለሚደውሉ እናት ወይም ሚስት የሚሆን ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ዒሻእን ሰግዶ ቢተኛ እስከ ፈጅር ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ ማሽኑ በዘገየበት ቀን አራት ይሆናል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ሀርጌሳ በዚህ አዋጅ አትተዳደርም፤ ሆኖም ሕግ አውጪዎች የሰው ገላ የት ላይ እንደሚደክም አስልተው ያስቀመጡት ወሰን ነውና ለመለኪያ ይጠቅማል። ሁለት አሠሪ ያለው ሰው ግን አንድም አሠሪ ድምሩን አያይለትም። ድምሩን የሚያውቀው እሱና አላህ ብቻ ናቸው።

ሱረቱን ነበእ ከ9ኛው እስከ 11ኛው አንቀጽ ሦስት ነገር በተራ ታስቀምጣለች፤ እንቅልፍ ዕረፍት፣ ሌሊት ልብስ፣ ቀን መኖሪያ ማግኛ። መተዳደሪያ ፍለጋው የመጣው ከእንቅልፍ በኋላ ነው። ሰልማን (ረ.ዐ.) ቀን እየጾመ ሌሊት እየቆመ ሚስቱን የረሳውን ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሲመክሩ ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህ ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው በሚል መንፈስ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት ተናገረ ብለው አጸኑት። ያ ሰው እንቅልፉን ያጣው ለዒባዳ ነበር። ለዶላር ያጣውስ?

ከዚህ የሚጠብቅ ሌላ ሐዲስ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላት ላይ የሚያንጎላጅጀው ሰው እንቅልፉ እስኪወጣለት እንዲተኛ አዘዋል፤ ምሕረት ልለምን ብሎ ራሱን ሊረግም ይችላልና። ሶላት ከሁሉ የከበረ ሥራ ሆኖ፣ በሱ ላይ ያለ እንቅልፍ የሚጎዳው ምላስን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ተኛ ከተባለ፣ ሃያ ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር ላይ ያለውን እንቅልፍ ምን እንላለን? እዚያ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ፣ ከኋላ የሚያልፈውን ሕፃን ሊያጠፋ ይችላል። መጉዳትም መጎዳትም የለም የሚለው መርሕ፣ ነወዊ በአርባዎቹ ሐዲሶች ውስጥ 32ኛ አድርገው የመዘገቡት፣ እዚህ ላይ ገደብ ነው። ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ እንቅልፍ ይዞት እያወቀ ማሽን ላይ የሚወጣ ሰው፣ ሥራው ሐላል ቢሆንም፣ መውጣቱ ይከለከልበታል። ቀን ሲያንጎላጅጅ የዋለበት መጋዘንም ቅሬታ አለው፤ የገዛው ነቅቶ የሚሠራ ሰው ነበርና።

ብዙዎች እዚህ ላይ ጫትን ያነሳሉ፤ ለመንቃት ይጠቅመናል ይላሉ። ከጫት ጋር ያለውን የሊቃውንት ክርክር እዚህ አልጨርሰውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት፣ የሚንሃጅን ታላቅ ማብራሪያ የጻፉት ኢብኑ ሐጀር አል ሀይተሚ ስለ ጫት የተለየ ድርሳን አዘጋጅተዋል፤ ከየመን የሚመጡላቸው ምስክርነቶች ስለተቃረኑ በቁርጥ ሐራም ከማለት ተቆጥበው መራቅን መከሩ። ለኛ ጉዳይ ግን ክርክሩ አያስፈልግም። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይከፍልም። ሲበርድ ዕዳው ከነወለዱ ይመጣል፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሌሊት መሪው ላይ ነው።

የሶላቱ ጉዳይ አጭር ነው። በጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ የግዴታ ሶላትና የዉዱእ ጊዜ ከውሉ ተቀናንሰው የተቀመጡ ናቸው፤ ለነሱ ብሎ ቢያቆም ከክፍያው ምንም አይጎድልም። መግሪብ ሲጠራ ባልዲውን መሬት ያሳርፍ፤ ሞተሩን ያጥፋ፤ ይውረድ። በጁምዓ ቀን ደግሞ ሱረቱል ጁምዓ እንደምታዘው ጥሪው ሲሰማ ሥራው ይቆማል፤ ሶላቱ ሲያልቅ ወደ ምድር መበተንና የአላህን ችሮታ መፈለግ ተፈቅዷል።

የማታ ሥራ አንድ የተለየ አደጋ አለው። የመሬት ክርክር በበዛበት ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በጨለማ መጥቶ ይህን አጥር አንሳልኝ፣ እዚህ ድረስ ቆፍርልኝ ቢል ለምን በቀን አልሆነም ብለህ ጠይቅ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በትንሣኤ ቀን ያችን መሬት ከሰባት ምድር ያህል አንገቱ ላይ ትጠለቅለታለች። ስንዝሯን የወሰደው ባለ ጉዳዩ ነው፤ የቆፈረችው ግን ያንተ ባልዲ ናት። ወረቀቱን ማየት፣ ጎረቤቱን መጠየቅ፣ ካልተረጋጋህ መተው። የተውካትን የማታ ክፍያ ከእጄ ወጣች አትበል።

የቀረው ክፍያው ነው። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው ታዟል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ቁድሲም አላህ (ሱ.ወ.) በትንሣኤ ቀን ተከራካሪያቸው ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ወስዶ ክፍያውን የከለከለ ነው። ዛሬ ሀርጌሳ ውስጥ ክፍያ ዛድ በሚባለው የስልክ ገንዘብ በአንድ ደቂቃ ይላካል፤ ነገ እልካለሁ ለማለት ምክንያት አነስተኛ ነው። ሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ የዘገየ ዕዳ እንዲጻፍ ያዛል፤ ስለዚህ ክፍያው ለሳምንት ከዘገየ ወንድሜ መልእክት ጽፈህ ላክ፤ የተሠራውን ሰዓት፣ የተስማማችሁበትን ዋጋ፣ ቀኑን። ይህ ሰውን አለማመን አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው ሊሞት፣ ያስታወሰ ሊረሳ ይችላል።

ሳይከፈለው የሚሄድ ሠራተኛም አለ። አንዱ ኢድን ለማክበር በወጃሌ በኩል ይወጣል፤ አንዱ ታሞ ይሄዳል፤ አንዱ ተኳርፎ ያቆማል። ክፍያው ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ የእሱ ነው፤ ዓመታት ቢያልፉም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የሦስቱን መንገደኞች ታሪክ ታውቃላችሁ። ዝናብ ሲይዛቸው ዋሻ ገቡ፤ ከተራራው ቋጥኝ ተንከባሎ አፉን ዘጋባቸው። ሦስቱም በየተራ ለአላህ ብለው የሠሩትን አንድ ሥራ እያነሱ ለመኑ። የሦስተኛው ሥራ ይህ ነበር፦ ሠራተኞች ቀጥሮ ሁሉንም ከፈለ፤ አንዱ ግን ክፍያውን ትቶ ሄደ። አሠሪው ያንን ክፍያ ለዚያ ሰው ብሎ አለማው፤ ከዚያ ግመልና ላም፣ በግና አገልጋይ እስኪሆን ድረስ። ሊቃውንት እንዳሉት ማልማቱ ግዴታው አልነበረም፤ ግዴታው ክፍያውን ማስረከብ ነበር፤ የቀረው ቸርነቱ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሠራተኛው ተመልሶ ክፍያዬን ስጠኝ አለ። አሠሪው ሜዳውን የሞላውን እያሳየ ይህ ሁሉ ያንተ ነው አለው። ሰውየው የሚያሾፍበት መሰለው። አሠሪው አላሾፍኩም አለ፤ ሰውየውም ሁሉንም ነድቶ ሄደ፤ አንድም ሳያስቀር። ሁለቱ መንገደኞች ሲለምኑ ቋጥኙ በመጠኑ ብቻ ነበር የተንቀሳቀሰው፤ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አልሆነም። ይህ ሦስተኛው ሲለምን ቋጥኙ ተነሳ፤ እየተራመዱም ወጡ።